ፕሮሰሰሩ መቶ በመቶ ተይዟል፤ ግን ምን እየሠራ ነው?

ጤና ይስጥልኝ። ኮድ የምትጽፉም፣ ሰርቨር የምታስተዳድሩም እዚህ ስላላችሁ መግቢያ አላበዛም፤ የዛሬው ርዕሴ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያሉት የሃርድዌር ቆጣሪዎች ናቸው። ሲስተም ተንቀራፈፈ ሲባል መጀመሪያ ምን እናደርጋለን? ቶፕን፣ የሚሮጡትን ፕሮግራሞች የሚያሳየውን መሣሪያ፣ እንከፍታለን። ፕሮሰሰሩ 100 ፐርሰንት ተይዟል ይለናል። ከዚያ ስብሰባ ይጠራል፤ "ሰርቨሩ አልቻለም፣ ትልቅ ይገዛ" ይባላል። ይገዛል። አዲሱ ማሽን ላይም ያው 100 ፐርሰንት።

ያ ቁጥር የሚነግረን ነገር ከምናስበው በጣም ያነሰ ነው። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የሚያውቀው አንድ ፕሮግራም ፕሮሰሰሩን ይዞ መቆየቱን ብቻ ነው። ይዞት ምን አደረገ? ሠራበት ወይስ ከራም ዳታ እስኪመጣለት ጠበቀ? ይህን አያይም። መንገድ ተዘጋግቶበት ሞተሩ እንደበራ የቆመ ሚኒባስ አስቡ። ነዳጅ ይበላል፣ ሾፌሩ መሪውን ይዟል፣ ግን ፈቀቅ አላለም። ለቶፕ ይህም ሥራ ላይ ነው።

የጥበቃውን መጠን በቁጥር እንየው። በ3 ጊጋኸርዝ የሚሠራ ፕሮሰሰር በአንድ ናኖሰከንድ 3 ሳይክል (የሰዓቱን ምት) ይጨርሳል። ካሽ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ትንሽና ፈጣን ሚሞሪ) ውስጥ የሌለ ዳታ ከራም እስኪመጣ በተለመደ ሰርቨር ላይ 80 ወይም 100 ናኖሰከንድ ይፈጃል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ወደ ራም መሄድ ከ240 እስከ 300 ሳይክል ይበላል። የዛሬ ፕሮሰሰር ሲመቸው በአንድ ሳይክል 4 ኢንስትራክሽን (ትእዛዝ) እና ከዚያም በላይ ይጨርሳል። አባዙት፤ ለአንዲት ቁጥር ሲባል ወደ ሺህ የሚጠጋ ኢንስትራክሽን የሚሠራበት ጊዜ ባከነ ማለት ነው። እርግጥ ፕሮሰሰሩ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ወደፊት አይቶ ሌላ የሚሠራ ነገር ይፈልጋል። ግን የሚያገኘው ሁልጊዜ አይደለም።

ደግነቱ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ያላየውን ቺፑ ራሱ ያያል። ስንት ሳይክል አለፈ፣ ስንት ኢንስትራክሽን ተጠናቀቀ፣ ካሽ ውስጥ የተፈለገ ነገር ስንቴ ታጣ፣ የብራንች ግምት (ኮዱ ቀጥሎ ወዴት እንደሚሄድ ፕሮሰሰሩ የሚገምተው) ስንቴ ሳተ፤ ይህን የሚቆጥሩ ትናንሽ ሬጅስተሮች (የቁጥር ማስቀመጫዎች) ውስጡ አሉ። የሃርድዌር ቆጣሪ የምንለው እነሱን ነው። ቆጠራው በሶፍትዌር አይደለም። ክስተቱ በተፈጠረ ቁጥር ሃርድዌሩ ራሱ አንድ ይጨምራል። ስለዚህ መቁጠሩ በራሱ ፕሮግራሙን አያዘገየውም፤ ትንሽ የሚያስከፍለው ቆጣሪውን ማዘጋጀትና ማንበብ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ ቆጣሪ አንድ መምረጫ ሬጅስተር አለ። "ይህን ክስተት ቁጠር" የሚል ኮድ እዚያ ላይ ይጻፋል። መጻፍ የሚችለው ከርነሉ፣ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት፣ ብቻ ነው። የሚመረጡት ክስተቶች በመቶዎች ናቸው፤ ቆጣሪዎቹ ግን በጣት የሚቆጠሩ። ኢንቴል ለብዙ ዓመታት ሃይፐርትሬዲንግ (አንዱን ኮር እንደ ሁለት የሚያሠራው ዘዴ) ሲበራ ለአንድ ትሬድ 4 ቆጣሪ ይሰጥ ነበር፣ ሲጠፋ 8። ከዚህ ሌላ ሳይክልንና የተጠናቀቁ ኢንስትራክሽኖችን የመሳሰሉ ነገሮችን ብቻ የሚቆጥሩ 3 ቋሚ ቆጣሪዎች ነበሩት። ዜን የሚባለው የኤኤምዲ ፕሮሰሰር ደግሞ ስድስት ቆጣሪ አለው። ይህችን እጥረት ያዙልኝ፤ ኋላ ጣጣ ታመጣለች።

ነገሩ ሲጀመር ምስጢር ነበር። ኢንቴል በ1993 ባወጣው ፔንቲየም ውስጥ ባለ 40 ቢት ሁለት ቆጣሪዎች አስቀምጦ ነበር። ዝርዝሩን ግን የሚሰጠው ምስጢር እጠብቃለሁ ብሎ ለፈረመ ብቻ ነው። ቴርዬ ማቲሰን የተባለ ኖርዌያዊ ፕሮግራመር ግን ፈልፍሎ አገኘውና በሐምሌ ወር 1994 ባይት በተባለው መጽሔት ላይ አወጣው። ከዚያ ወዲህ መደበቁ ትርጉም አጣ፤ ኋላ ኢንቴል ራሱ በይፋ ማኑዋሉ ውስጥ አስገባው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው።)

40 ቢት ብዙ ይመስላል? ከ1 ትሪሊዮን ትንሽ ያልፋል። በ66 ሜጋኸርዝ ፔንቲየም ላይ ሳይክል የሚቆጥር ቆጣሪ ሞልቶ ከዜሮ ለመጀመር ከአራት ሰዓት ተኩል በላይ ይፈጅበታል። በዛሬ የ4 ጊጋኸርዝ ማሽን ላይ ግን አምስት ደቂቃ አይሞላውም። የዛሬዎቹ አብዛኞቹ 48 ቢት ናቸው፤ በ3 ጊጋኸርዝ ከአንድ ቀን በላይ ይቆያሉ። ቢሞሉም ከርነሉ ይከታተላቸዋል።

ቆጣሪዎቹን ለዕለት ተዕለት ሥራ እንዴት መጠቀም እንደሚቻል ካሳዩት መካከል የዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን ሰዎች ይጠቀሳሉ። በ1997 በአልፋ ፕሮሰሰሮች ላይ የሠሩት ሲስተም ማሽኑ መደበኛ ሥራውን እየሠራ ያለማቋረጥ ይለካ ነበር። የሚያዘገየው ከ1 እስከ 3 ፐርሰንት ብቻ ነው። ድርጅቱ ጠፋ፣ አልፋም ጠፋ፣ ሐሳቡ ግን ዛሬም ትልልቅ ዳታ ሴንተሮች ውስጥ ይሠራል። ሊኑክስ ላይ ቆጣሪ መጠቀም ብዙ ጊዜ ከርነል በፓች ጠግኖ እንደገና ኮምፓይል ማድረግን ይጠይቅ ነበር። በመስከረም 2009 የወጣው የ2.6.31 ከርነል የቶማስ ግላይክስነርንና የኢንጎ ሞልናርን ሥራ ሲያካትት ነገሩ ቀለለ። ፐርፍ የምንለው መሣሪያ ያኔ መጣ። ዛሬ ማሳያዬ ሁሉ በእሱ ነው።

ፐርፍ ስታት ብላችሁ የፕሮግራማችሁን ስም ስትጨምሩ ፕሮግራሙ ሮጦ ሲጨርስ ቁጥሮች ይዘረዝርላችኋል። ከዝርዝሩ መጀመሪያ ሁለቱን ብቻ እዩ፤ ሳይክልንና ኢንስትራክሽንን። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው ስታካፍሉት በአንድ ሳይክል ስንት ኢንስትራክሽን እንደተጠናቀቀ ታገኛላችሁ። አይፒሲ ይባላል። 0.3 ከሆነ ፕሮሰሰራችሁ አብዛኛውን ጊዜ የሆነ ነገር እየጠበቀ ነው። 3 ከሆነ እየለፋ ነው፤ ያኔ መቀነስ ያለበት ራሱ የሥራው ብዛት ነው። "ትልቅ ይገዛ" ከማለት በፊት ይህችን አንድ ክፍፍል ማየት ብዙ ገንዘብ ያድናል ብዬ አምናለሁ።

አሁን ዛሬ ወደመጣሁበት ዋና ነገር ልግባ። እነዚህ ቁጥሮች እስከ መጨረሻው ዲጂት ድረስ ተዘርዝረው ሲወጡ እጅግ የሚታመኑ ይመስላሉ። 16,802,417 የሚል ቁጥር ሲወጣ ማን ይከራከራል? እኔ የምለው ግን ይህ ነው፦ አንድን ቆጣሪ ከማመናችሁ በፊት መልሱን አስቀድማችሁ የምታውቁትን ጥያቄ ጠይቁት። መልሱን ከሳተ፣ በማታውቁት ጥያቄ ላይ ለምን ታምኑታላችሁ?

ስክሪኑ ላይ ያለው ኮድ ለዚህ የምጠቀምበት ነው። በሲ የተጻፈ፣ 4096 በ4096 የሆነ የኢንቲጀር ሠንጠረዥ። እያንዳንዱ ቁጥር 4 ባይት ነው፤ ጠቅላላው 16,777,216 ቁጥር፣ 64 ሜጋባይት። ሥራው መደመር ብቻ ነው። በአንደኛው ዙር ረድፍ በረድፍ ወደ ጎን እሄዳለሁ። በሁለተኛው ሁለቱን ሉፖች አቀያይሬ ዓምድ በዓምድ ወደታች እወርዳለሁ። ድምሩ አንድ ነው። የኢንስትራክሽኑም ብዛት አንድ ነው ማለት ይቻላል።

ከመለካታችን በፊት በወረቀት እንሥራው። ካሽ ዳታ የሚያመጣው ባይት በባይት አይደለም፤ 64 ባይት በአንድ ጊዜ ያመጣል። ይህ የካሽ መስመር ይባላል። 64 ለ4 ሲካፈል 16። ስለዚህ ረድፍ በረድፍ ስሄድ በየ16 ቁጥሩ አንድ አዲስ መስመር ያስፈልገኛል። 16,777,216 ለ16 ሲካፈል 1,048,576 ነው። ይህን ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉት።

ዓምድ በዓምድ ስወርድስ? ከአንዱ ቁጥር እስከ ታችኛው ያለው ርቀት አንድ ሙሉ ረድፍ ነው፤ 16,384 ባይት። እያንዳንዱ ንባብ አዲስ መስመር ይነካል። "አንዴ ከመጣ ለሚቀጥለው ዓምድ ካሽ ውስጥ ይጠብቀኝ የለም ወይ?" ትሉኝ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱ ግን አይጠብቅም ነው። በብዙ የኢንቴል ቺፖች ላይ ኤል1 የሚባለው የመጀመሪያው ካሽ 32 ኪሎባይት ነው። ባለ 8 መስመር በሆኑ 64 ስብስቦች የተከፋፈለ ነው። አንድ አድራሻ የትኛው ስብስብ ውስጥ እንደሚገባ የሚወሰነው በየ4096 ባይት በሚደጋገም ስሌት ነው። የእኛ ርምጃ 16,384 ነው፤ ልክ አራት እጥፍ። ስለዚህ አንድ ዓምድ ውስጥ ያሉት 4096 መስመሮች ሁሉ አንድ ስብስብ ላይ ይረባረባሉ። ቦታው ደግሞ 8 ብቻ ነው። ቀሪዎቹ 63 ስብስቦች ባዶ ቢሆኑም አይረዷቸውም። እያንዳንዱ ንባብ ይስታል፤ 16,777,216 ጊዜ።

በወረቀት ላይ ሁለት ቁጥር ይዘናል፤ ወደ 1 ሚሊዮን እና ወደ 16.8 ሚሊዮን። አሁን ቆጣሪውን እንጠይቀው።

መጀመሪያ ስትሞክሩት የሚገርም ነገር ልታዩ ትችላላችሁ፤ ሁለቱም ዙር ካሽ የሳተ እምብዛም የላቸውም። ለምን? ሠንጠረዡ ላይ ምንም ስላልጻፋችሁ ነው። ሊኑክስ ማንም ያልጻፈበትን ሚሞሪ ስታነቡ እውነተኛ ቦታ አይሰጣችሁም። ሁሉንም ገጽ (የ4 ኪሎባይት የሚሞሪ ቁራጭ) በዜሮ ወደተሞላ አንድ የጋራ ገጽ ይመራዋል። 64 ሜጋባይት እያነበባችሁ ይመስላችኋል፣ በእውነቱ ግን ያንኑ 4 ኪሎባይት ደጋግማችሁ እያነበባችሁ ነው። ቁጥሩ ትክክል ነበር፤ ትክክል ያልነበረው ለካነው ያልነው ነገር ነው። መልሱን አስቀድመን ባናውቅ ኖሮ "ኮዳችን ካሽ ላይ ግሩም ነው" ብለን ሪፖርት እንጽፍ ነበር።

እሺ፣ ሠንጠረዡን እንሙላው። አሁን ደግሞ መሙላቱ ራሱ ይቆጠራል። ፐርፍ ስታት የሚለካው ከፕሮግራሙ መነሻ እስከ መድረሻው ነውና። መፍትሔው ሁለት ነው። መሙላቱን ብቻ የሚሠራ ፕሮግራም ለይቶ መለካትና መቀነስ፤ ወይም ፕሮግራሙ ውስጥ ገብቶ በከርነሉ ጥሪ ቆጣሪውን ከሉፑ በፊት ከፍቶ ከሉፑ በኋላ መዝጋት። ሁለተኛው ሥራ ይበዛበታል ግን ንጹሕ ነው።

ኮምፓይለሩንም አትርሱት። ጂሲሲ በኦ3 የማፍጠኛ ደረጃ ሉፖቹን ራሱ አቀያይሮ ዓምዱን ወደ ረድፍ ሊለውጥባችሁ ይችላል። ለሥራ ጥሩ ነው፤ ለሙከራ ግን ፍርጃ ነው። በኦ2 አድርጉት፣ ቬክተራይዜሽንም (ብዙ ቁጥር በአንድ ኢንስትራክሽን ማስኬድን) አጥፉ።

ይህ ሁሉ ከተስተካከለ በኋላ የዓምዱ ቁጥር ወደ 16.8 ሚሊዮን ይጠጋል። የረድፉ ግን ከ1,048,576 በታች ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ማን በላው? ፕሮሰሰሩ ውስጥ ፕሪፌቸር የሚባል ክፍል አለ። ወደ ጎን በተከታታይ እንደምንሄድ ሲያይ የሚቀጥለውን መስመር ሳንጠይቀው ያመጣል። ስንደርስ ካሽ ውስጥ እናገኘዋለን፤ ስለዚህ "ሳተ" ተብሎ አይቆጠርም። ሌላም አለ። መስመሩ ተጠይቆ መንገድ ላይ እያለ ሁለተኛ ንባብ ቢመጣ፣ ኢንቴል ያንን ንባብ ከሳቱት ጋር አይደምረውም፤ ለብቻው ሌላ ስም ያለው ክስተት አለው። "ወደ ኤል1 የገቡ መስመሮችን ቁጠር" ብላችሁ ሌላውን ክስተት ብትመርጡ ደግሞ በፕሪፌቸሩ የመጡትም ይገባሉና ወደ 1 ሚሊዮኑ ትጠጋላችሁ። ሦስቱም የካሽ ክስተቶች ናቸው፤ የሚመልሱት ጥያቄ ግን ሦስት ነው።

እዚህ ጋ ማኑዋሉን ሳታነቡ በስሙ ብቻ ክስተት አትምረጡ ብዬ እለምናችኋለሁ። ፐርፍ "ካሽ ሚስ" በሚል አጠቃላይ ስም የሚሰጣችሁ ኢንቴል ላይ አንድ ነገር ነው፣ ኤኤምዲ ላይ ሌላ፣ አርም ላይ ሌላ። ኢንቴል ላይ መጨረሻ ያለውን ትልቁን ካሽ ነው የሚመለከተው። ሁለት ማሽን በዚህ ስም ማወዳደር ብርንና ኪሎን ማወዳደር ነው። የማወቅ ጉጉት ላለው አንድ ልጨምር፤ ሳንዲ ብሪጅ በተባለው የኢንቴል ፕሮሰሰር ትውልድ ላይ የፍሎቲንግ ፖይንት (ነጥብ ያላቸው ቁጥሮች) ስሌቶችን የሚቆጥሩት ክስተቶች አብዝተው ይቆጥሩ ነበር። ኢንስትራክሽኑ ዳታ ከካሽ እስኪመጣለት ሲጠብቅ ደጋግሞ ይሞከራል፤ ሙከራው ሁሉ ይቆጠራል። ኋላ በመጣው በሃስዌል ላይ ኢንቴል ይህን ቆጠራ ጭራሽ አነሳው፤ ብሮድዌል ላይ በተሻለ መልክ መለሰው። በሃስዌል ላይ "በሰከንድ ስንት ስሌት" የሚል ጥያቄ ያለው ሰው ቆጣሪው ሊመልስለት አይችልም ነበር።

ቅድም ያዙልኝ ወዳልኩት እጥረት እንመለስ። አራት ቆጣሪ አለን፣ ሃያ ክስተት ጠየቅን። ፐርፍ እምቢ አይልም። ክስተቶቹን በየተራ ያፈራርቃቸዋል፤ ይህን ጥቂት ሚሊሰከንድ፣ ያንን ጥቂት ሚሊሰከንድ። ከዚያ የቆጠረውን በጊዜው መጠን ከፍ አድርጎ ሙሉውን ይገምታል። በየመስመሩ መጨረሻ በቅንፍ ያለችው ፐርሰንት ይህች ናት። 20 ፐርሰንት ካለች ክስተቱ የተቆጠረው የጊዜው አንድ አምስተኛ ብቻ ነው፤ የቀረው ግምት ነው። ለረጅምና አንድ ዓይነት ለሆነ ሥራ ችግር የለውም። ባሕርይው ቶሎ ቶሎ ለሚለዋወጥ ወይም በአጭር ጊዜ ለሚያልቅ ፕሮግራም ግን ቅዠት ነው። አንዱን ለሌላው የምታካፍሏቸውን ክስተቶች በቡድን አስሯቸው፤ አብረው እንዲቆጠሩ። አንዷን ቆጣሪ ደግሞ የሊኑክስ የራሱ ጠባቂ፣ ማሽኑ ተጣብቆ እንዳይቀር የሚከታተለው፣ ሊይዛት ይችላል። ልኬቱ እስኪያልቅ ጠባቂውን ማጥፋት ይቻላል።

ስለ አይፒሲም አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ከፍ ማለቱ ብቻውን መልካም ዜና አይደለም። ያንን የረድፍ ሉፕ በ256 ቢት ቬክተር ብታሠሩት በአንድ ኢንስትራክሽን 8 ቁጥር ይደመራል። ኢንስትራክሽኑ በብዙ እጥፍ ይቀንሳል፣ አይፒሲው ይወርዳል፣ ፕሮግራሙ ግን ይፈጥናል። በተቃራኒው ሌላ ትሬድ የያዘው ቁልፍ (ሎክ) እስኪለቀቅለት ሉፕ ውስጥ የሚሽከረከር ኮድ ጥሩ አይፒሲ አስመዝግቦ ምንም ላይሠራ ይችላል። ዞሮ ዞሮ ዳኛው የግድግዳ ሰዓት ነው። ቆጣሪው ለምን እንደዘገየ ይነግራል፤ መዘግየቱን የሚነግረው ሰዓቱ ነው።

ሰዓቱም ቢሆን የራሱ ጉድ አለው። በ2009 ሚትኮቪችና ባልደረቦቹ ባቀረቡት ጥናት ፕሮግራሙን ምንም ሳይነኩ የኢንቫይሮመንት ቫሪያብሎችን (ፕሮግራሙ ሲነሳ ከሲስተሙ የሚቀበላቸውን ቅንብሮች) መጠን ብቻ ቢቀይሩ የሩጫው ጊዜ እንደሚለወጥ አሳዩ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ እነዚያ ቫሪያብሎች ሚሞሪ ውስጥ ከስታኩ (ፈንክሽኖች ጊዜያዊ ዳታቸውን ከሚያስቀምጡበት ቦታ) በላይ ይቀመጣሉ። ሲረዝሙ ስታኩ ይገፋል፣ የዳታው አቀማመጥ ይዛነፋል። ፋይሎቹ ሊንክ የሚደረጉበትን ቅደም ተከተል መቀየርም እንዲሁ ያደርጋል። ስለዚህ አንድ ሰው "ኮዴን 3 ፐርሰንት አፈጠንኩት" ሲላችሁ፣ ስንት ማሽን ላይ፣ ስንት ጊዜ፣ አቀማመጡን ቀያይሮ ነው ወይ ብላችሁ ጠይቁት።

እስካሁን ያየነው ጠቅላላ ድምር ነው። የት መስመር ላይ እንደባከነ ለማወቅ ሌላ ዘዴ አለ፤ ፐርፍ ሬኮርድ። ቆጣሪውን ከዜሮ ሳይሆን ለመሙላት 1 ሚሊዮን ሲቀረው ያስጀምሩታል። ሲሞላ ፕሮሰሰሩን ያቋርጣል። ከርነሉ በዚያች ቅጽበት የቱ ኢንስትራክሽን ላይ እንደነበር ይመዘግባል፣ ቆጣሪውን መልሶ ያስተካክላል። በሺዎች የሚቆጠር ናሙና ሲጠራቀም የሚያስቸግረው ቦታ ይታያል። ችግሩ መቋረጡ ዘግይቶ መድረሱ ነው። ፕሮሰሰሩ በመቶ የሚቆጠሩ ኢንስትራክሽኖችን በአንድ ጊዜ ይዞ ስለሚሮጥ፣ ጥፋቱ ከአጥፊው ጥቂት ወረድ ብሎ ባለ ንጹሕ ኢንስትራክሽን ላይ ይለጠፋል። መደመሪያዋ መስመር 40 ፐርሰንት ወሰደች የሚል ሪፖርት ስታዩ ከእሷ በላይ ያለችውን ንባብ ጠርጥሩ። ኢንቴል ፔብስ፣ ኤኤምዲ አይቢኤስ የሚሏቸው ዘዴዎች ሃርድዌሩ ራሱ ቦታውን እንዲመዘግብ ያደርጋሉ። ፐርፍ ላይ ክስተቱን ስትጽፉ መጨረሻው ላይ ሁለት ነጥብ (:) ጨምራችሁ ፒ የምትለዋን ፊደል ሁለት ጊዜ ብትጽፉ ይህን ትጠይቃላችሁ። አንዲት ፊደል ረሳሁ ብሎ የተሳሳተ መስመር ሲያሻሽል መዋል ያሳዝናል።

በመቶ ከሚቆጠሩ ክስተቶች የትኛውን ልምረጥ ለሚል ሰው ደግሞ የኢንቴሉ አህመድ ያሲን በ2014 ያቀረበው ዘዴ በጣም ረድቷል። ፕሮሰሰሩ በየሳይክሉ፣ ለምሳሌ፣ 4 የሥራ ቦታ አለው እንበል። እያንዳንዱ ቦታ ከአራቱ በአንዱ ይመደባል፦ ጠቃሚ ሥራ ተሠራበት፣ በተሳሳተ የብራንች ግምት ባከነ፣ ኢንስትራክሽን በጊዜ ሳይቀርብለት ቀረ፣ ወይም ኢንስትራክሽኑ ቀርቦ ዳታ ወይም ማስያ ክፍል በማጣት ቆመ። ከላይ ጀምራችሁ የገዘፈውን ቅርንጫፍ ብቻ ተከትላችሁ ትወርዳላችሁ። ፐርፍ ስታት ላይ ቶፕዳውን የሚል አማራጭ አለ። ያ የዓምድ ሉፕ አብዛኛው በአራተኛው ይገባል። ካልገባ ማሽኑን ሳይሆን ሙከራችሁን መርምሩ።

ከተሰብሳቢው ከመጡት ጥያቄዎች ሦስቱን ልጨምር።

አንደኛው፣ "እኛ ሁሉ ነገራችን ክላውድ ላይ ነው፣ ይሠራል ወይ?" የሚል ነበር። እንደ ኪራዩ ነው። ብዙ ቨርቹዋል ማሽኖች ላይ ቆጣሪዎቹ ተዘግተዋል፤ ፐርፍ በቁጥሩ ቦታ "አይደገፍም" የሚል ይጽፋል። አንዳንድ አቅራቢዎች ሙሉ ማሽን ወይም ትልቁን ዓይነት ስትከራዩ ይከፍቱታል። "አይደገፍም" ሲል ግልጽ ነው። የሚያሰጋው ዜሮ ሲል ነው፤ ዜሮው እውነተኛ ይሁን ወይም ቆጣሪው የሌለ ይሁን አይለይም። ያንን የዓምድ ሉፕ አሂዱበት። 16.8 ሚሊዮን መሳት ያለበት ዜሮ ካለ፣ ቆጣሪ የላችሁም። ያኔ የሶፍትዌሩን ሰዓት ይዛችሁ ናሙና ውሰዱ፤ ሲፒዩ ክሎክ የሚለው ክስተት ሃርድዌር አይፈልግም። ጊዜው የት እንደሄደ ያሳያችኋል፣ ለምን እንደሄደ ግን አይነግራችሁም።

ሁለተኛው የፓይተን ጉዳይ ነው። ቆጣሪው ፓይተን የሚባል ነገር አያውቅም፤ የሚያየው ኢንተርፕሪተሩ የሚያስኬደውን ኢንስትራክሽን ነው። ከፓይተን 3.12 ጀምሮ ግን ሊኑክስ ላይ ለፐርፍ የፓይተን ፈንክሽኖችን ስም የሚያሳውቅ አማራጭ ተጨምሯል። ስታስጀምሩት ታበሩታላችሁ፤ ትንሽ ያዘገያል። ጃቫ ላይም ፍሬም ፖይንተር (የትኛው ፈንክሽን የትኛውን እንደጠራ ለመከታተል የሚረዳው አመልካች) እንዲጠበቅ የሚያደርገውን አማራጭ ካላበራችሁ የጥሪው ሰንሰለት ተቆራርጦ ይመጣል።

ሦስተኛው ደግሞ ከልምምድ ሰዓቱ የመጣ ነው፤ ፐርፍ "ፈቃድ የለህም" ብሎ ለመለሳቸው። ኡቡንቱ ላይ ይህ የተለመደ ነው። ቆጣሪ የሌላውን ሰው ፕሮግራም ለመሰለል ስለሚጠቅም ከርነሉ በደረጃ ይቆልፈዋል። ፐርፍ ኢቨንት ፓራኖይድ የሚባለው ቅንብር ዋናው ከርነል ላይ 2 ነው፤ ተራ ተጠቃሚ የራሱን ፕሮግራም ከከርነል ውጭ ያለውን ክፍል መለካት ይችላል። ኡቡንቱ ወደ 4 አድርሶታል፤ በእሱ ምንም አይለካም። በራሳችሁ ላፕቶፕ ላይ ወደ 2 ወይም ወደ 1 ማውረድ አይከፋም። የጋራ ሰርቨር ላይ ግን አትንኩት። ከ5.8 ከርነል ጀምሮ ለአንድ ሰው ወይም ለአንድ ፕሮግራም ብቻ የመለካት ፈቃድ የሚሰጥበት መንገድ ስላለ፣ አስተዳዳሪያችሁን ያንን ጠይቁት።